ለማናውቀው መርማሪ የጸለይንበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ስል ታክሲውም አብሮኝ ተቀምጧል ማለቴ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ከአንዲት ሎሚ ሻጭ ጋር ይከራከራል። ሬዲዮው ዜና ያነባል። በግማሽ ጆሮዬ ሳደምጥ፣ በተለያዩ ሀገሮች ያሉ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች አብረው ለመሥራት ተስማምተዋል ይላል። ከእንግዲህ አንዱ መርምሮ ያጣራውን ሌላው ከዜሮ አይጀምረውም፤ የአንዱን ውጤት ሌላው ስለሚጠቀምበት ዓመታት ይፈጅ የነበረው ምርመራ በወራት ያልቃል አለ ዜና አንባቢው።

ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ፣ «እነሱስ ተፋጠኑ፤ እዚህ ቆመን የቀረነው እኛ ነን» አለና ታክሲው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። የሰው ሳቅ ካለቀ በኋላ የእኔ ስለቀጠለ ግን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውልቃ፣ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ የእኔ ሠርግ በአንድ ወቅት በእንዲህ ያለ ምርመራ ተይዞ ነበር ብላት መቼም አታምነኝም።

ያደግሁት እዚያው ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። አባቴ ጋሽ ዘለቀ በወጣትነቱ ከዳውሮ መጥቶ አዲስ አበባን ያወቃት በኮልፌ በኩል ነበር፤ ከኮልፌ ወዲያ መሄድ ለእሱ እስከ መጨረሻው ድረስ «ከተማ መውጣት» ይባል ነበር። ሱቁ ውስጥ ማር፣ ኮረሪማ፣ ቡላና ከሁሉም በላይ ቆጮ ይሸጣል። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከመሬት እስከ ጣሪያ ይደረደራል። የዚያ ጎምዛዛ ሽታ ልብሳችን ውስጥ፣ ፀጉራችን ውስጥ፣ ደብተራችን ውስጥ ይገባል። ድብብቆሽ ስንጫወት የእኛ ቤት ልጆች የትም ብንደበቅ በሽታችን እንያዝ ነበር።

ለክትፎ ቤቶች የሚሄደውን ቆጮ የምትጨምቀው እማዬ ናት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ የተብላላው ቆጮ ውሃ ያዘለ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ውሃው ጠብ እስኪል ድረስ በእጅ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ቃጫው እየተለቀመ ይከተፋል። በመስቀል ሰሞን ኮልፌ ሁሉ ክትፎ ሲያምረው የእማዬ አንጓ ያብጣል። በቁራጭ ጨርቅ አስራው ነው የምትውለው፤ «እጅሽን ምን ነካው?» ለሚላት ሁሉ «መስቀል ነዋ!» ነው መልሷ።

ታምራት የመጣው የሱቃችንን የቆርቆሮ በር ሊበይድ ነው። እርግጥ ነው ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር። ሁለታችንም የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበርን፤ እሱ ከወንዶቹ ረድፍ በወፍራም ድምፁ፣ እኔ ከሴቶቹ ረድፍ። በዚያን ጊዜ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድምና እህት ለብቻቸው ቆመው ሲያወሩ ከታዩ በማግሥቱ ሽማግሌዎች ዘንድ መጠራት ነበር። ዓይንን ግን የሚጠራው ሰው የለም። እንግዲህ በዚያች ዕለት በሩን እየበየደ ወደ ጓዳ ሲያይ እኔን የሚያይ መስሎኝ ሻሼን አስተካክል ነበር። ለካ የሚያየው የእማዬን እጅ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አጠና ተራ አጠገብ ካለችው የብረት ሥራ ቤቱ አንድ ጉድ በጋሪ አስጭኖ መጣ። የተቆረጠ በርሜል ነው፤ ጎኑ በሙሉ ተበሳስቷል፤ ከላዩ በብረት ማዕቀፍ ላይ የአሮጌ የጭነት መኪና ክሪክ ተገጥሞለታል። ቆጮው በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ ክሪኩ ሲዞር ክብ ብረት ከላይ እየተጫነ ይወርዳል፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ ይንዠቀዠቃል፤ ከታች ደግሞ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ጥርሶች ቃጫውን ይዘው ያስቀራሉ። እማዬ አንድ ጊዜ ክሪኩን አዞረችና ውሃው ሲፈስ አየች። ከዚያ አንጓዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትታ ጣለችውና፣ «ጌታ ይባርክህ፣ ልጄ» እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

ተግባረ እድ ያስተማረው አንድ መምህሩ፣ «ይህን ነገር ሰው ሳይቀድምህ አስመዝግብ» ብሎ መከረውና ታምራት ሥዕሉን ሥሎ፣ ማመልከቻውን ጽፎ የፈጠራ መብት ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አስገባ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ነገር የተበላሸው ታምራት የላካቸው ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ነው።

ሦስት ሆነው መጡ። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ በቀለ ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ይሄዳል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ዳቦ እየቆረጥሁ እሰማለሁ። አባዬ እንደ ወጉ «ልጁ ምን ይዟል?» ሲል «ብረት ሥራ ቤት አለው፣ ታታሪ ነው፣ ጌታን ይፈራል» ማለት በቂ ነበር። ጋሽ በቀለ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጁማ፣ ጋሽ ዘለቀ፣ የፈጠራ ባለቤት ነው! መንግሥት የማረጋገጫ ወረቀት ሰጥቶታል!» አሉ።

«ሰጥቶታል?» አለ አባዬ። ነጋዴ ነው፣ አላለፋትም።

«ያው ሊሰጠው ነው። በዚህ ወር፣ ግፋ ቢል በሚቀጥለው…»

«እንግዲያው መልካም ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ያን ዕለት ቀን እንቆርጣለን። እስከዚያው ልጁ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የደረሰበትን ይንገረኝ። በሰው አፍ የሚመጣ ወሬ አልወድም።»

የያዝሁት ቢላ ጣቴን ቆረጠኝ። ታምራትም በኋላ ሲሰማ ራሱን ይዞ ቀረ። እሱ ማንንም «ወረቀት አለኝ በሉልኝ» አላለም። ነገር ግን ሽማግሌ የተናገረውን ማፍረስ ነውር ነው፤ ጋሽ በቀለን ዋሽተዋል ከማለት ወረቀቱን ማምጣት ይሻላል ተባለ። እንዲህ ሆኖ የእኔ ትዳር በአንድ የቆጮ መጭመቂያ ምርመራ ላይ ተንጠለጠለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ታምራት ይዞት የመጣው ወሬ ሁላችንንም ግራ አጋባ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያነጋገረው ባለሙያ እንዳለው፣ አንድ ነገር አዲስ ፈጠራ መሆኑ የሚታወቀው በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ተመሳክሮ ነው። ያን ሁሉ ሰነድ እዚህ ያሉት ጥቂት ሰዎች ሊያዩት አይችሉም። ስለዚህ ከአንድ የአውሮፓ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምተዋል፤ ማመልከቻው ወደዚያ ይላካል፣ እዚያ ያለው መርማሪ ፈልጎ ያገኘውን ይጽፍላቸዋል።

«መቼ?» አለ አባዬ።

«ወረፋ አለው ነው የሚሉት፣ ጋሽ ዘለቀ።»

«ወረፋ» አለ አባዬ፣ ወደ እማዬ ዞሮ። «በይ ቡላውን ስጭው።»

ቡላውን ሰጠችው። ትኩስ የቡላ ገንፎ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤ የፈሰሰበት። ታምራት በላ፣ አመስግኖ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ፤ «ምን አሉ?» «ገና ነው አሉ።» «ቡላ ስጭው።» ለብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል የነበረው ንግግር ይኸው ነበር። እኔ ሳህን ማቅረብና ሳህን ማንሣት ይፈቀድልኛል፤ ስለዚህ በአንድ ገንፎ ሦስት ጊዜ ውሃ አቀርብ ነበር።

ነገሩን ለእትዬ አማረች የነገረቻቸው እማዬ መሆን አለባት። እትዬ አማረች ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው የሴቶች ጸሎት ይመራሉ፤ ለታመመ፣ ሥራ ላጣ፣ ባሏ ለኮበለለባት ሁሉ እዚያ ይጸለያል። አንድ ረቡዕ ተነሥተው፣ «እህቶች፣ የእህታችን የአስቴር ጉዳይ በአንድ የፈረንጅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው» አሉ። «ስሙን አናውቅም። ጌታ ግን ያውቀዋል። ለእሱ እንጸልይ።»

ጸለይን። ያ ጸሎት ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ጌታ ሆይ፣ ያን ወንድማችንን ጤና ስጠው! ዓይኑን አብራለት! የእኛ ወረቀት ከታች ከሆነ ወደ ላይ አምጣው! እጁን አፍጥንለት!» ወይዘሮዎቹ በየሳምንቱ ያሻሽሉታል። አንዷ ለሚስቱ ጸለየች፣ ቤቱ ሰላም ከሌለ ሥራው አይሄድለትምና። አንዷ ደግሞ እዚያ በረዶ ነው ይባላል ብላ መንገድ እንዳያዳልጠው ለመነች። እኔ በልቤ ሥዬው ነበር፤ ራሰ በራ፣ ወፍራም መነጽር ያለው፣ ሹራብ የለበሰ ሰው። አንዳንድ ቀን በጣም ያሳዝነኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጌታ ይቅር ይበለኝና በዚያ መነጽሩ ላይ ብቀመጥበት እመኝ ነበር።

ክረምት ገባ። የኮልፌ ክረምት ጭቃው ጫማ ይቀማል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቤት ውስጥ ካልጮኹ መሰማማት የለም። አንድ ቅዳሜ እንዲያ ሲወርድ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬስ ያ ልጅ አይመጣም» አለ። ጉዳዩ ሳይገደው የተናገረ አስመሰለ፤ ግን ከበሩ አልራቀም። ታምራት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ውሃው ከፀጉሩ እየወረደ ደረሰ። «ምን አሉ?» አልተባለም። አባዬ የራሱን ካፖርት አውልቆ ደረበለትና፣ «ገና ነው ለማለት ነው በዚህ ዝናብ የመጣኸው?» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ታምራት ቡላውን በልቶ አይሄድም፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ይደፍናል፣ የተበላሸውን ሬዲዮ ይፈታል፣ አባዬም አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ዳውሮ ገደላ ገደሎች፣ በበቅሎ ማር ስለሚጫንበት ዘመን ያወራለታል። ለእኛ ለልጆቹ ያላወራልንን።

መስከረም ጠብቶ ከአውሮፓ ደብዳቤ መጣ ሲባል መልሱ መስሎን ዘለልን። ጥያቄ ነበር። መርማሪው ማመልከቻውን አንብቦ አንድ ነገር አልገባውም፤ ይህ ቆጮ የሚባለው ፍሬ ነው፣ ሥር ነው ወይስ ሊጥ?

አባዬ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሥር? እንሰትን የማያውቅ ሰው ነው የልጄን ሠርግ ይዞ የተቀመጠው?»

ከዚያ በፊት ከአፉ «የልጄን ሠርግ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። እኔና እማዬ ተያየን። «ወረቀት አምጡ፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ» አለው ታምራትን። «እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ሙዝ ግን አይደለም። ፍሬው አይበላም። ግንዱ ይፋቃል፣ ከሥሩ ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል…»

«ይቀበራል አትበለው» አለች እማዬ ከጓዳ፣ «ሬሳ ይመስለዋል።»

«እንግዲያው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል በለው።»

«ጭራሽ ይተኛል!»

ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና በቤቱ ሊቅ ነኝ። ምሽቱን ሁሉ ስንሥቅና ስንከራከር አራት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። ታምራትና እኔ በአባቴ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ወረቀት ስናይ ይኸው የመጀመሪያው ነበር፤ ክርናችን ይነካካል፣ አባዬም አላየሁም ብሏል።

በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ከሱቁ ምርጡን ቆጮ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ እኔንና ታምራትን አስከትሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ታክሲው ውስጥ ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ። ባለሙያው ወጣትና ትሑት ሰው ነበር፤ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። «አባቴ፣ ይሄ በፖስታ አይላክም። ማብራሪያው ብቻ ይበቃል።»

«ያልቀመሰ ሰው እንዴት ይፈርዳል?» አለ አባዬ፣ ቅጠሉን እየፈታ።

ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ከየቢሮው ብቅ ብቅ ያሉት ሰዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ክትፎውንስ የት ጣሉት?» ሲል ፎቁ በሙሉ ሣቀ። ቆጮውን መልሰን ይዘን ተመለስን። አባዬ ግን መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎት፣ «አሁን ገብቷቸዋል» እያለ መጣ።

መልሱ የደረሰው ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው። ታምራት ቅዳሜ ፖስታውን እንደታሸገ ይዞ መጣ፤ እዚያው ልንከፍተው ተስማምተን ነበርና። አነበብሁት። መርማሪው ስለ እንሰት የተሰጠውን ማብራሪያ አመስግኗል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት የሚሠራ መጭመቂያ፣ ማበጠሪያው ሳይቀር፣ የወይን ፍሬ ለመጭመቅ በሌላ ሀገር ከረጅም ዘመን በፊት ተመዝግቧል። ስለዚህ አዲስ ነው ሊባል አይችልም ይላል። እስከ መጨረሻው አንብቤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

ታምራት ተነሣ። «ቃል ቃል ነው፣ ጋሽ ዘለቀ። ወረቀቱ የለም። እስከ ዛሬ ስላጎረሱኝ ጌታ ይባርክዎት» ብሎ ቡላውን ሳይነካ ወጣ። አባዬን አየሁት፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። «ና፣ ተመለስ» ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም።

በተከታዩ ቅዳሜ አባዬ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጥቶ ተቀመጠ። እማዬ በልማድ ገንፎ ሠርታለች። ቀዘቀዘ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችው እማዬ። «ማንን እጠብቃለሁ?» አለና በሩን ማየቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት አድርገው ነው የነገሩኝ። እንደ አባዬ አባባል፣ የሱቁ ሚዛን ተሰብሮበት ሊያስበይድ አጠና ተራ ቢሄድ ድንገት ከታምራት ጋር ተገናኘና ልጁ ስለለመነው እሺ አለ። የሴት ልጅ አባት ወደ ወንዱ ደጅ ሄደ ከሚባል ሌላ ወሬ ቢፈጥር አይፈረድበትም። እንደ ታምራት አባባል ደግሞ ሚዛኑ ምንም አልነበረውም። አገላብጦ ቢያየው ደህና ነው። «ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄ እኮ አልተሰበረም» ቢለው አባዬ ሚዛኑን ትቶ፣ «ቅዳሜ ለምን ቀረህ?» አለው።

«ወረቀቱ አይሆንም ተባለ እኮ።»

«ወረቀቱ አይሆንም ተባለ። አንተን ማን አይሆንም አለህ?»

ታምራት ብረት መቀጥቀጫዬን ጥዬ በዘይት እጄ አባትሽን አቀፍኋቸው ይለኛል፤ አባዬ ግን ስለ መተቃቀፍ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።

በጥር ተጋባን። ጋሽ በቀለ በሠርጉ ላይ ቆመው፣ «እኔ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር» ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። እትዬ አማረች ደግሞ አይሆንም ብሎ ስለጻፈብን ስለዚያ ወንድማችን ጌታን አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ የብረት ሥራ ቤቶቹ ሁሉ መጭመቂያውን እያዩ ሠሩት፤ የባለቤትነት መብት ያልተሰጠው ነገር የሁሉም ነው። የኮልፌ ሴቶች አንጓ አረፈ፣ ታምራትም አልከፋውም።

ያን ዕለት ታክሲው እንደምንም ተንቀሳቅሶ ቤቴ ስገባ ታምራት ሶፋው ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጦ ነበር። ዜናውን ነገርሁት። ሀገሮቹ አብረው ይሠራሉ፣ በወራት ያልቃል አሉ አልኩት፤ ለዛሬ ልጆች ደስ ብሎኛል፣ እኛ ግን ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ተንገላታን ብዬ አማረርሁ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና፣ «ቢፋጠንም መልሱ ያው ‹አይሆንም› ነበር የሚሆነው፣ አስቱ» አለኝ። «በወር ቢመጣ ኖሮ ግን አባትሽ ገና አያውቁኝም ነበር።»

ይህን ያህል ዘመን ኖሬ በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። አባዬ አሁን የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሄጄ ጉልበቱን እስም ነበር። በየረቡዑ ተንበርክከን፣ እያለቀስን የለመንነው ፍጥነትን ነበር። እንኳንም አልተሰጠን።